ራስን መግዛት፦ የመንፈሳዊ እድገት ልጓም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በአዊ ምድር ተወልደን ላደግን ወጣቶች ፈረስ እንግዳ እንስሳ አይደለም። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው አገር ሰው ለገበያ፣ ለሠርግ፣ ለልቅሶና ለንግሥ በዓል በፈረስ ሲሄድ እያየን አድገናል። በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ በሚሆንበት ዕለት፣ በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመቱ ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸው የሚታሰቡበት በዓል ስለ ሆነ፣ በዚያ ቀን ፈረሱ እንደ ሙሽራ አጊጦ፣ ፈረሰኛውም ጋሻና ጦሩን ይዞ ሲወጣ የማይደሰት የአዊ ልጅ የለም።

በዚህ በዓል የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው በግልቢያው ላይ ነው። በጌጡና በአቧራው መካከል ግን ማንም የማያስተውለው አንድ ትንሽ ብረት አለ፤ እርሱም በፈረሱ አፍ ውስጥ ያለው ልጓም ነው። ያ ትንሽ ብረት ባይኖር ኖሮ በዓሉ ወደ ልቅሶ በተለወጠ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ከእኛ መካከል ጥቂቶች ፈረስ በመግራት ወደ ታወቁ አንድ አባት ሄደን፣ «አባባ፣ ጥሩ ፈረስ የሚመረጠው እንዴት ነው?» ብለን ጠይቀናቸው ነበር። እርሳቸውም ፈገግ አሉና፣ «ልጆቼ፣ መሮጥማ ፈረስ ሁሉ ይሮጣል። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ ቁም ሲሉት ይቆማል ወይ? ሂድ ሲሉትስ ይሄዳል ወይ?» አሉን። ጥቂት ዝም ብለውም፣ «በበዓል ዕለት የተገራ ፈረስ አይቼ አላውቅም። ፈረስ የሚገራው በሥራ ቀን፣ ማንም ሳያየው፣ በደጅ ነው» ብለው ጨመሩልን።

እኒህ አባት ስለ ፈረስ መናገራቸው ነበር። እኛ ግን ወደየቤታችን ስንመለስ ስለ ራሳችን የተናገሩ መስሎ ተሰማን። ስለሆነም ዐቢይ ጾም በተቃረበበት በዚህ ወቅት ስለ ራስን መግዛት ጥቂት ልንነጋገር ወደድን።

ራስን መግዛት ምን ማለት ነው?

በቋንቋችን «ገዛ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ዋጋ ከፍሎ የራስ ማድረግ ነው፤ እህል ገዛ፣ በሬ ገዛ እንላለን። ሁለተኛው ማስተዳደር ነው፤ ንጉሥ አገር ገዛ እንላለን። ራስን መግዛት ስንል ሁለቱንም ማለታችን ነው። ራሱን የገዛ ሰው ዋጋ ከፍሎ፣ ማለትም ታግሎና ደክሞ፣ ራሱን የራሱ ያደረገ፣ ዓይኑን፣ አንደበቱን፣ እጁንና ሆዱን የሚያስተዳድር ሰው ነው። ራሱን ያልገዛ ግን ገዥው ሌላ ነው። አንዱን ቁጣው ይገዛዋል፤ ሌላውን መጠጡ፣ ሌላውን ደግሞ በእጁ የያዘው ስልክ ይገዛዋል።

ራሱን ያልገዛ ሰው ራሱን ለእግዚአብሔር መስጠትም አይችልም። የራስ ያልሆነ ነገር ስጦታ አይሆንምና። በሌላ በኩል ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ እኛ በዋጋ የተገዛን መሆናችንን፣ የራሳችንም እንዳልሆንን ያሳስበናል (1ቆሮ. 6፥19-20)። እንግዲህ ክርስቲያን ራሱን የሚገዛው በራሱ ላይ ለመንገሥ ብሎ አይደለም። ክርስቶስ በደሙ የገዛውን ገንዘብ በአደራ እንደሚጠብቅ ታማኝ አገልጋይ ነው እንጂ።

ስለ ራስን መግዛት በመካከላችን የተሳሳተ አስተሳሰብ ስላለ ሦስት ነገሮችን ለይተን ማየት ይገባናል።

ሀ/ ራስን መግዛት ኃይልን መግደል አይደለም። ፈረስን የሚገራ ሰው የፈረሱን እግር አይሰብርም። የወጣትነት ጉልበት፣ ፍቅር፣ ቅንዓትና ቁጣ እንኳ ሳይቀር እግዚአብሔር በውስጣችን ያኖራቸው ኃይሎች ናቸው። ልጓም የሚያስፈልገውም ኃይል ላለው ነው፤ ለደከመ ፈረስ ማን ልጓም ያጠብቃል?

ለ/ ራስን መግዛት ዝምታ ብቻ አይደለም። አፉን ዘግቶ በልቡ ቂም የሚቆጥር ሰው ራሱን ገዛ አይባልም። ያ አባት እንዳሉት ጥሩ ፈረስ ቁም ሲሉት መቆም ብቻ ሳይሆን ሂድ ሲሉት መሄድም አለበት። መናገር ሲገባን ዝም ካልን፣ መሄድ ሲገባን ከተቀመጥን፣ ያን ጊዜም ራሳችንን አልገዛንም፤ ፍርሃታችን ገዝቶናል።

ሐ/ ራስን መግዛት በሰው ፊት መጠንቀቅ ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነጠላችንን አጣፍተን አንገታችንን ደፍተን ስንቆም ሁላችንም የተገራን እንመስላለን። ዮሴፍ ግን በጲጥፋራ ቤት የተፈተነው አባቱ ያዕቆብ በማያየው፣ ወንድሞቹ በሌሉበት፣ ማንም በማያውቀው አገር ነበር (ዘፍ. 39)። ተማሪዎች ስንሆን ከእናት አባታችን ቤት ርቀን በየመኝታ ክፍሉ ስናድር የዮሴፍ ፈተና የእኛም ፈተና መሆኑን እንረዳዋለን።

በመሰላሉ ላይ የት አለ?

ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ የመንፈሳዊ እድገትን ደረጃ በደረጃ አሳይቶናል (2ጴጥ. 1፥5-7)። መሠረቱ እምነት ነው። በእምነት ላይ በጎነት፣ በበጎነት ላይ እውቀት፣ በእውቀት ላይ ራስን መግዛት ይጨመራል። ከዚያ በኋላ መጽናት፣ እግዚአብሔርን መምሰል፣ የወንድማማች መዋደድ፣ በመጨረሻም ፍቅር ይከተላሉ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ቅደም ተከተል እናስተውል። ራስን መግዛት ወዲያው ከእውቀት በኋላ ነው የመጣው። እኛ ትምህርት ቤት ገብተን ብዙ አውቀናል፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ስንት ቀን እንደ ሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጾም ብንጠየቅ አንሳሳትም። እውቀት ግን ልጓም ካልተበጀለት ሌላውን ለመርገጥ የሚሮጥ ፈረስ ይሆናል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ራስን መግዛት የመሰላሉ ጫፍ አለመሆኑ ነው። ጫፉ ፍቅር ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የመንፈስ ፍሬዎችን ሲዘረዝር በፍቅር ጀምሮ በራስን መግዛት ይፈጽማል (ገላ. 5፥22-23)። አንዱ ሐዋርያ ከራስን መግዛት ወደ ፍቅር ያወጣናል፤ ሌላው ከፍቅር ጀምሮ ወደ ራስን መግዛት ያደርሰናል። ሁለቱ የማይለያዩ ናቸው። ስለዚህ ለወንድም የማይራራ ጾምና ትኅርምት ገና በመሰላሉ መካከል የቆመ ነው ማለት ነው።

በእኛ የደረሰው

ይህን ሁሉ የምንጽፈው አውቀነው እንጂ ፈጽመነው አይደለም። ስለዚህ የራሳችንን ጥፋት ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት ወደ አንድ ገዳም ጉዞ አድርገን ስንመለስ ሒሳብ ለመተሳሰብ ስብሰባ ተቀመጥን። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ሁላችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን ነበር የመጣነው። ሒሳቡ ሲታይ ጥቂት መቶ ብር ጎደለ። ገንዘቡን የያዘው ወንድማችን ደረሰኝ እንደ ነበረው ቢናገርም ሊያገኘው አልቻለም። ከመካከላችን አንዱ የማይነገር ቃል ተናገረ። ሌላው ደገመው። የቀረነውም «ተው» አላልንም፤ እንዲያውም አንዳንዶቻችን ሳቅን። በዚያው ሌሊት ወሬው በስልክ ከአንዱ ወደ አንዱ ተላለፈና ጠዋት በስብሰባው ያልነበሩት ሁሉ ሰምተውት አደሩ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው ሆነ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰኙ ተገኘ። የተገኘውም እኛው ራሳችን ባስቀመጥንበት በመኪና ኪራዩ ወረቀቶች መካከል ነበር። ወንድማችን ግን ከዚያች ረቡዕ ጀምሮ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት አልመጣም። ከበሮ ይመታ የነበረ ልጅ ነው። ዛሬ ከበሮውን ሌላ ሰው ይመታዋል።

ይቅርታ ልንጠይቅ ከእኛ ሁለት ሰዎች ወደ ቤቱ ሄደው ነበር። እናቱ በደስታ ተቀብለው ቡና አፈሉላቸው። እርሱም ጨብጧቸው ስለ ፈተናቸው ጠየቃቸው። እነርሱም ስለ ፈተና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ሲያወሩ ቆይተው የሄዱበትን ነገር ሳያነሡ ተመለሱ።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንደ ወደቅን ልብ በሉ። መጀመሪያ መቆም ሲገባን ሮጥን። ሁለተኛም መሄድ ሲገባን ቆምን። በስብሰባው ዕለት አንደበታችንን መያዝ ነበረብን፤ አልያዝነውም። በቡናው ዕለት አንደበታችንን መክፈት ነበረብን፤ ያን ጊዜ ያዝነው። ልጓም የሌለው ፈረስ ያለ ቦታው ይሮጣል፤ ያለ ቦታውም ይቆማል።

በዚያ ረቡዕ ከሥጋና ከወተት ተከልክለን ነበር። የወንድማችንን ስም ግን በላን። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እየጾሙ የሚጣሉትን፣ እየጾሙም ሌላውን የሚያስጨንቁትን ሲገሥጽ፣ ቃሉ ለጥንት እስራኤል ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይመስለንም።

የዳዊት ፈተና

ስለዚህ ነገር ስናዝን የልበ አምላክ የዳዊት ታሪክ ብዙ ያስተምረናል። ንጉሥ ሳኦል ዳዊትን ለመግደል በምድረ በዳ ሲያሳድደው ዳዊትና ሰዎቹ ወደ ተሸሸጉበት ዋሻ ብቻውን ገባ። ሰዎቹ ጠላቱን እግዚአብሔር በእጁ እንደ ሰጠው ነግረው አደፋፈሩት። ዳዊት ግን የልብሱን ጫፍ ቆረጠ እንጂ አልገደለውም። ስለ ቆረጠው ልብስ እንኳ ልቡ መታው (1ሳሙ. 24)። እንዴት ያለ ራስን መግዛት ነው!

ነገር ግን ምዕራፉን ብንገልጥ ወዲያው በ25ኛው ምዕራፍ ሌላ ዳዊት እናገኛለን። ናባል የሚባል ባለጠጋ ስንቅ ቢለምነው ከለከለው፤ ሰደበውም። ዳዊት ሰይፉን ታጠቀ፤ አራት መቶ ያህል ሰዎችም ተከትለውት ወጡ። የናባልን ቤት ወንዶች በሙሉ ሊያጠፋ ቆርጦ ነበር። ነፍሱን ሊያጠፋ የመጣውን ንጉሥ የማረ ሰው ለአንድ ስድብ አራት መቶ ሰይፍ አስመዘዘ!

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የትላንት ድል ለዛሬ አይበቃም። በታላቁ ፈተና የጸና በታናሹ ሊሰናከል ይችላል። ብዙዎቻችን ትልቅ ኃጢአት ሲመጣ ተጠንቅቀን እንቆማለን፤ የምንወድቀው በአንዲት ስድብ፣ በአንዲት ቀልድ፣ በአንዲት የስልክ መልእክት ነው። ሁለተኛ፣ ዳዊትን ያዳነው የራሱ ብርታት አልነበረም። የናባል ሚስት አቢግያ ስንቅ አስጭና በመንገድ ወጥታ ለመነችው፤ እርሱም ሰማት፤ እግዚአብሔርንም አመሰገነ። ዳዊት በዚያች ቀን ራሱን የገዛው ምክር በመስማት ነው። በእኛ ስብሰባ አንዲት አቢግያ ብትነሣ ኖሮ፣ አንድ ሰው ብቻ «ወንድሞቼ፣ ነገሩን ለነገ እናሳድረው» ቢል ኖሮ፣ ወንድማችን ዛሬ በመካከላችን በነበረ።

ሙሴ ጸሊም

በመጻሕፍት ኢትዮጵያዊው ሙሴ ተብሎ የሚጠራው ሙሴ ጸሊም በአራተኛው መቶ ዘመን በግብፅ ይኖር ነበር። በወጣትነቱ በጉልበቱ የሚመካ፣ የወንበዴዎች አለቃ፣ ሰው የሚፈራው ሰው ነበር። በኋላ ንስሐ ገብቶ በአስቄጥስ ገዳም መነኮሰ።

መነኮሰ ስንል ግን በአንድ ሌሊት ተለወጠ ማለታችን አይደለም። የድሮው ልማዱና የሥጋ ፈተናው ለረጅም ዘመን ታገሉት። ተስፋ ወደ መቁረጥ በደረሰ ጊዜ መምህሩ አባ ኤስድሮስ ገና ሳይነጋ ወደ ቤቱ ጣሪያ አወጣውና የፀሐይን መውጣት አሳየው ይባላል። ጨለማው ባንድ ጊዜ አይገፈፍም፤ ብርሃኑ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ይመጣል። የነፍስም እድገት እንደዚሁ መሆኑን አስረዳው። የእኛም አባቶች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሙሴ ጸሊም ጉልበቱን አልጣለውም፤ አሠራው እንጂ። በሌሊት እየተነሣ ውኃ መቅዳት ለማይችሉ አረጋውያን መነኮሳት እንስራቸውን እየሞላ ይመለስ ነበር። ሰው ይዘርፍበት የነበረው ክንድ ውኃ ተሸከመበት። በክህነት ሊሾም በቀረበ ጊዜ ትዕግሥቱን ሊፈትኑ ሰድበው ከመቅደስ ቢያስወጡትም ስድቡን ተቀብሎ በዝምታ ወጣ። በዱሮ ዘመኑ ቢሆን ኖሮ ስለ ተሳዳቢዎቹ ነፍስ እንጨነቅ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ የበደለ መነኩሴ ሊዳኝ ጉባኤ ተሰብስቦ ሙሴን ጠሩት። እርሱም የምታፈስ እንስራ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምን መሆኑን ሲጠይቁት፣ የእርሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። ጉባኤውም ያን ወንድም ይቅር ብሎ ተበተነ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚያ ረቡዕ እኛም ጉባኤ ተቀምጠን ነበር። የጎደለው ደረሰኝ ከእኛው ወረቀቶች መካከል ነበር። የሚያፈሰው እንስራ በእኛ ጀርባ ነበር።

እንዴት እንደግ?

ራስን መግዛት የመንፈስ ፍሬ ስለ ሆነ ከእግዚአብሔር የሚለመን ጸጋ ነው። ይሁን እንጂ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍም ተካይና ጠባቂ ያስፈልገዋል። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስንሄድ በአዲስ ቅዳም በኩል፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ግራና ቀኝ የምናየውን የዲከረንስ ተክል እናስብ። ገበሬው ችግኙን ከጤፉ ጋር በአንድ ማሳ ይተክለዋል። ጤፉን በዚያው ዓመት ያጭዳል፤ ዛፉን ግን አራትና አምስት ዓመት ይጠብቀዋል። በመካከል ገንዘብ ቢቸግረውም ለጋውን ቢቆርጥ ኪሳራው የራሱ ነው።

ዛፉ ተቆርጦ ሲከሰልም ጥበብ አለው። እንጨቱ ተከምሮ በአፈር ይሸፈንና እሳት ይለኮስበታል። አክሳዩ እንግዲህ እንቅልፍ የለውም። በሌሊት እየተነሣ ይዞራል፤ አፈሩ የተሰነጠቀበትን፣ ጭስ የበዛበትን እያየ ወዲያው ይደፍናል። ነፋስ የገባበት ክምር ነዶ አመድ ይሆናልና። እሳቱ ያው አንድ እሳት ነው፤ የተጠበቀው ከሰል ሆነ፣ ያልተጠበቀው አመድ ሆነ። የእኛም ቁጣና ምኞት ጠባቂ ይፈልጋል። ስንጥቁ ትንሽ ሳለ መድፈን ይቀላል።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጥበቃ የምታስተምረን በጾም ነው። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲናገር ከዓላማዎቹ አንዱ የሥጋ ፍላጎት ደክሞ ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ መሆኑን ይገልጻል። ረቡዕና ዓርብ፣ ሦስቱ የነነዌ ቀናት፣ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የመግሪያ ጊዜዎቻችን ናቸው። ለተፈቀደ እህል «ቆይ» ማለት ያልለመደ ላልተፈቀደው እንዴት «እምቢ» ይላል? ሆዱን በሥራ ቀን ያልገራ በፈተናው ቀን ምኑን ይይዛል?

ስለዚህ በዚህ ጾም ልናደርጋቸው የምንችላቸውን ጥቂት ነገሮች እናስታውስ፦

1. በትንሹ እንጀምር። ጠዋት ስንነሣ እጃችን መጀመሪያ ወደ ስልክ እንዳይሄድ፣ ከጸሎት በፊት አንንካው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ዕለቱን ማን እንደሚገዛው የሚታወቀው በዚያች ሰዓት ነው።

2. ተቆጥተን ሳለ አንናገር፤ አንጻፍም። የተጻፈውን ሌሊቱን እናሳድረው። ጠዋት ስናነበው ብዙውን ጊዜ የምንልከው አይሆንም።

3. የምንወድቅበትን ቦታ እንወቅ፤ መንገዳችንንም እንለውጥ። መጠጥ የሚያሸንፈው በመጠጥ ቤቱ ደጅ አይለፍ። የኳስ ውርርድ የለመደ ገንዘቡን ለሚያምነው ወንድም በአደራ ይስጥ። ዮሴፍ ልብሱን ትቶ ሸሸ እንጂ ቆሞ አልተከራከረም።

4. ለንስሐ አባታችን ሳንደብቅ እንናገር። እያንዳንዳችንም «ተው» የሚለን አንድ ወዳጅ ይኑረን። ሲለንም እንደ ዳዊት እንስማ።

5. ብንወድቅ ተስፋ አንቁረጥ። ፈረሰኛ አንድ ጊዜ ከኮርቻ ቢወድቅ ፈረሱን አይሸጥም፤ አቧራውን አራግፎ ተመልሶ ይወጣል። ሙሴ ጸሊምም ንጋቱን ጠበቀ።

6. ጾማችን ወደ ወንድማችን ያድርሰን። ከምሳችን የተረፈው ለተራበ ይሁን። የተጣላነውን ሳንታረቅ ጾሙን አንቀበል።

ማጠቃለያ

ፊልክስ የሚባል ሮማዊ ገዥ ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ ሲነግረው ፈራ። ፈርቶም ንስሐ አልገባም፤ ሌላ ቀን ሲመቸው እንደሚያስጠራው ነግሮ አሰናበተው (ሐዋ. 24፥25)። አገር የሚገዛ ሰው ራሱን መግዛት አቃተው። ንስሐ እንደ ገባ የሚገልጽ ቃል በመጽሐፍ አናገኝም።

እኛም የሚመች ቀን ስንጠብቅ ወራት አልፈዋል። አሁን ግን ጾሙ ሳይገባ፣ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወደ ወንድማችን ቤት ለመሄድ ተስማምተናል። በዚህ ጊዜ የምንሄደው ሁለት ሰዎች አይደለንም፤ በዚያች ረቡዕ የተናገርነው፣ የደገምነውና የሳቅነው ሁሉ ነን። እናቱ ቡና ያፈላሉ። ቡናው እስኪፈላ ግን ስለ ፈተና አናወራም። ገና ስንገባ፣ ሳንቀመጥ፣ «በድለንሃል፤ ይቅር በለን» እንላለን። እርሱ ይቅር ይለን ዘንድ፣ ወደ አገልግሎቱም ይመለስ ዘንድ ልናስገድደው አንችልም፤ ያ የእርሱና የእግዚአብሔር ነው። የእኛ ድርሻ አንደበታችን ቁም ሲሉት እንዲቆም፣ ሂድ ሲሉትም እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናንተም እንዲህ ያለ ያልሄዳችሁበት ቤት ካለ ተነሡ። ጾሙም የበረከት ጾም ይሁንልን።

አንደበታችንን፣ ልባችንንና መንገዳችንን እንገዛ ዘንድ አምላካችን ይርዳን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተራዳኢነት፣ የቅዱስ ሙሴ ጸሊም ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።